የታደሰው አዳራሽና የቱሊ ጉሌድ ግራር

በቱሊ ጉሌድ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት አጠገብ አንድ ያረጀ ግራር አለ። ሽማግሌዎች የግጦሽና የውሃ ጠብ የሚያበርዱት፣ ማታ ማታም ግጥም አዋቂዎች የሚደመጡት ከጥላው ሥር ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ስፍራ የስብሰባ አዳራሽ እንዲሠራ ታሰበ። «ግራሩ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?» የሚለውን አጥንቼ ሐሳብ እንዳቀርብ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሥልጣኔ ማለት ሲሚንቶ ብቻ ይመስለኝ ነበርና «ይቆረጥ» ብዬ ጻፍኩ። ሳልፈርምበት ግን ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተጠራሁ።

ሥልጠናው ሲያበቃ አንድ ወዳጄ የአፍሪካ አዳራሽን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ይህ አዳራሽ አርቱሮ ሜዜዲሚ በተባለ ኢጣሊያዊ አርክቴክት ተነድፎ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚሁ ነው። ብዙ ዓመት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መመደቡን ሰምቼ ስለነበር፣ ስገባ የሚያብለጨልጭ አዲስ ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም። ወዳጄ ሳቀና «የደከሙት አዲስ ነገር ለማሳየት ሳይሆን አሮጌውን ለማቆየት ነው» አለኝ። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ መሣሪያው ተለውጧል፤ የቤት ዕቃው ግን የድሮ መልኩን እንደ ያዘ ነው። በመግቢያው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል የአፍሪካን ትናንት፣ ትግሏንና ነገዋን ያሳያል። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩና ቢጫው ብርሃን በወለሉ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ብርሃን ውስጥ ቆሜ፣ በሻንጣዬ ያለው ያልተፈረመ ወረቀት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ወደ ቱሊ ጉሌድ እንደ ተመለስኩ ከግራሩ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

«አዴር፣ ይህ ዛፍ ተቆርጦ አዳራሽ ቢሠራበት ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ዝናብ አይመታንም። እርቅም እዚያ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ግን ‹አባቶቻችሁ የታረቁት እዚህ ነው› ብለን ለልጆቻችን የምናሳየው ምኑን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታውን የቀድሞውን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ አዳራሹ ከግራሩ ፈንጠር ብሎ ይሠራ፣ ግራሩም የግቢው ጥላ ሆኖ ይቆይ የሚል ነው። ቦታው ድንጋያማ ስለ ሆነ ለመሠረቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሳልሸሽግ ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አንብበው «ወጪ ታበዛለህ» ብለውኛል። ውሳኔው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ውድ አንባብያን፣ አብዛኞቻችን ገና ብዙ ወረቀት የምንጽፍ ጀማሪዎች ነን። «ይፍረስ»ም ሆነ «ይቆረጥ» ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት ግን ወጣ ብለን ጥላው ሥር ብንቀመጥ ምንም አይጎዳንም።