የብርድ ወራት ኮረንቲ

ከአዲስ አበባ መጥተው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ልጃቸው ዘንድ ያረፉ አንዲት እናት የበሩን እጀታ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ካልሆነ አይነኩም ነበር። «ቤቱ ኮረንቲ ያፈሳል፤ አከራዩ ይጠራ» ይላሉ። ይባስ ብሎ የልጅ ልጃቸው ምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቀ መጥቶ ሊስማቸው ሲል ቀጭ ብሎ ሁለቱንም ነዘራቸው። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ ሲመጣ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ልጁም ገብቶት መራቅ ጀመረ።

ልጃቸው «እማዬ፣ ስታቲክ እኮ ነው» ብትላቸው ስም ነገረቻቸው እንጂ መልስ አልሰጠቻቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንደኛው ከሌላው ኤሌክትሮን ይወስዳል። ማሸት ማለት ደጋግሞ፣ ብዙ ቦታ ማነካካት ነው። አገር ቤት እስክሪብቶ ጸጉሩ ላይ አሽቶ ብጥስጣሽ ወረቀት ያላነሳ ተማሪ አለ? ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ራሱ የመጣው፣ ሲታሽ ገለባ ይስብ ከነበረ የደረቀ የዛፍ ሙጫ የግሪክኛ መጠሪያ ነው።

የአትላንታ ሐምሌ እርጥብ ስለሆነ የተጠራቀመው ቻርጅ ቀስ እያለ ያመልጣል። በጥር ግን ማሞቂያው የቤቱን አየር ያደርቀዋል። የናይለን ምንጣፍና የላስቲክ ሶል ሲጨመሩበት ሰውነት ብዙ ሺህ ቮልት ይይዛል። ንዝረቱ ለሰው የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። የግድግዳው 120 ቮልት ሰው ሲገድል ይህ የማይገድለው፣ የተጠራቀመው እጅግ ጥቂት ሆኖ በቅጽበት ስለሚያልቅ ነው።

እናትየው ይህን ከሰሙ በኋላ ልጁን ከማንሳታቸው በፊት ቁልፍ ይዘው በቁልፉ የቧንቧውን ብረት ይነካሉ። ብልጭታው ቁልፉ ላይ ያርፋል፤ ጣት አያምም። ቤቱን እርጥበት በሚሰጥ መሣሪያ ማራስም ይረዳል።

ቤንዚን ማደያ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሰው ቱቦውን ይሰካና ብርዱን ሸሽቶ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ከመቀመጫው ጋር ተፋትጎ ይወጣል። እጁ ቱቦው ጋ ሲደርስ ያቺ ትንሽ ብልጭታ የቤንዚኑን ትነት ታቀጣጥላለች። እንዲህ ያለ እሳት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ደርሷል። እስኪሞላ ውጭ መቆም ነው። የግድ ከገቡም፣ ሲወጡ ከቤንዚኑ አፍ ራቅ ብሎ የመኪናውን ብረት በባዶ እጅ መንካት። እሳት ከተነሳ ቱቦውን አይንቀሉ፤ ይራቁና ሠራተኛውን ይጥሩ። ጄሪካንም የሚሞላው መሬት ላይ ተቀምጦ እንጂ መኪና ላይ እንደተጫነ አይደለም።