የእንዳ ኢየሱስ ካብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መቐለ ከተማን ከላይ በሚመለከተው ኮረብታ ላይ የፈራረሰ የድንጋይ ካብ አለ። ስፍራው እንዳ ኢየሱስ ይባላል፤ «እንዳ» በትግርኛ ቤት ማለት ነውና ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። የዛሬ ወጣት ቦታውን የሚያውቀው በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢነቱ ነው። በ1888 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ጦር ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን ኮረብታ በካብ አጥሮ፣ መድፍ ጠምዶ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ አዛዥነት የመሸገበት ነበረ።

በተማሪነታችን ዘመን እኛ የግቢ ጉባኤ ልጆች አስፈቅደን፣ በዘመነ ጽጌ በሁለት ቅዳሜዎች አረሙን ልናጸዳ ወጣን። ክረምቱ ያበቀለው ሣር ከወገብ በላይ ደርሶ፣ እሾሁና ቁልቋሉ ድንጋዩን ውጦት ነበርና የትኛው የምሽግ ግንብ፣ የትኛው ተራ የድንጋይ ክምር እንደ ሆነ አይለይም ነበር። ማጭድና ገጀራ ተውሰን፣ ጸሎት አድርሰን ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ አንድ ወንድማችን ቀና ብሎ ጠየቀ፦ «ይህ እኮ ጠላት የሠራው ነው። ቤተ ክርስቲያንን ምሽግ ያደረገ ግንብ ምን ብለን እናጸዳለታለን? አረሙ ቢቀብረውስ ምን ይጎዳናል?»

ወዲያው የመለሰለት አልነበረም። ጥያቄው ከቅንዓት የመጣ ነበርና ሊናቅ አይገባውም።

ታሪኩን እናስታውስ። በኅዳር ወር አምባ አላጌ ላይ ድል ያደረገው የራስ መኰንን ጦር ወደ መቐለ ገሥግሦ ምሽጉን ከበበ፤ ዐፄ ምኒልክም ተከትለው ደረሱ። ካቡን ፊት ለፊት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ያን ጊዜ እቴጌ ጣይቱ፣ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ከካቡ ውጭ መሆኑን አስተውለው፣ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውንም ሠራዊት ላኩ። በውስጥ የነበሩት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች በጥም ተያዙ። በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። ዐፄ ምኒልክም መሣሪያቸውን እንደ ያዙ በሰላም እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ጋሊያኖ ከአርባ ቀን ገደማ በኋላ ዐድዋ ላይ ዳግመኛ ተሰልፎ በዚያው ሞተ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ የእቴጌይቱን ብልሃት አድንቀን እናልፋለን። ብልሃቱ በእርግጥም የሚደነቅ ነው፤ በካቡ ሥር ይወድቅ የነበረውን ብዙ ወገን አድኗል። ነገር ግን ወሩን ልብ በሉት። የጥር አጋማሽ የጥምቀት ሰሞን ነው። ምእመናን ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት፣ ካህናት ውኃ በሚባርኩበት በዚያው ሰሞን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተዘጋ ሰው ጉንጭ ውኃ ይመኝ ነበር። የተዘጋውም ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አልነበረም። አብዛኞቹ ከመረብ ማዶ የተመለመሉ አስካሪዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በጥምቀት ቀን ታቦት አጅበው ያደጉ የተዋሕዶ ልጆች ነበሩ። ከካቡ ውጭ የወደቀውም፣ በካቡ ውስጥ የተጠማውም በአንድ ጥምቀት የተወለደ ነው። ጠላት ቢጠማ ስለ ማጠጣት ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ቃል እንደዚያ ባለ ኮረብታ ላይ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። ለወንድማችን ጥያቄ የእኔ መልስ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ካቡ ከጠፋ የምንናገረው ድሉን ብቻ ይሆናል፤ ጥሙ ይረሳል።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ አንዳንዶቻችን በካቡ ስንጥቅ የበቀለውን ቁጥቋጦ በሁለት እጃችን ይዘን መጎተት ጀመርን። በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን አይተውን ቆሙ። መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ አትንቀሉት። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል፤ ስትነቅሉት ካቡ አብሮ ይመጣል። ከግንዱ ቁረጡት፤ ሥሩ በራሱ ጊዜ ይደርቃል» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ሥር በድንጋይ መካከል እየወፈረ ሲሄድ ግንቡን ይሰነጥቃል፤ ሆኖም የሰነጠቀውን መልሶ አቅፎ የሚያቆመውም እርሱ ነው። የጎንደሩን የዐፄ ፋሲል መዋኛ ያየ ሰው የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት እንደ ጨበጠው ያስታውሳል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ እንክርዳዱ ያስተማረው ምሳሌ ወዲያው ትዝ አለን። ባሪያዎቹ እንክርዳዱን ለመንቀል ቸኩለው ነበር፤ ባለቤቱ ግን ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ከለከላቸው። ምሳሌው ስለ ሰው እንጂ ስለ ድንጋይ እንዳልተነገረ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ከዚያ በፊት ቃሉን በጆሮዬ እንጂ በእጄ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያ ወንድማችንም ገጀራውን አንሥቶ፣ ከሁላችን ይልቅ ተጠንቅቆ፣ ግንዱን ዝቅ ብሎ ሲቆርጥ ዋለ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማብቂያ የካቡ አንድ ወገን ከነማዕዘኑ ተገለጠ። የወደቁትን ድንጋዮች ወደ ቦታቸው ልንመልስ የፈለግን ነበርን፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነውና እንደ ወደቁ ተውናቸው። ከመበተናችን በፊት በዚያ ስፍራ ላረፉት ሁሉ፣ የየትኛው ወገን እንደ ነበሩ ሳንለይ፣ ስለ ነፍሳቸው ጸለይን። ከዚያ ፈተና ደረሰ፤ ወደየመማሪያችን ተመለስን። በሚቀጥለው ክረምት ሣሩ እንደገና በቀለ፤ ማጭዱንም ከእኛ በኋላ የገቡት ተማሪዎች ተውሰው ወጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።