እማዬ ብቻዋን ገበያ የሄደችበት ቀን

ባለፈው ዓመት እማዬ ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። የምንኖረው ከፍራንክፈርት መሀል ከተማ በስተሰሜን፣ ሄደርንሃይም በሚባል ሰፈር ነው። ጠዋት እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እማዬ ብቻዋን ትቀራለች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ "ልጄ፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ምግቡም ሞልቷል። ግን ሰው የለም። በመስኮት መኪና ስቆጥር እውላለሁ" አለችኝ።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ መርካቶ ቅመም የሸጠች ሴት ናት። ከሰው ሳታወራ ውላ አታውቅም። ቃሏ ሆዴን በላው።

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ሆነን፣ ኡባን በሚባለው የከተማ ባቡር ኖርድቬስት ጼንትሩም ወደሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ወሰድናት። ማዕከሉ የተከፈተው በ1968 ነው። የፍራንክፈርት የመጀመሪያው የኡባን መስመርም በዚያው ዓመት ከመሀል ከተማ እስከዚህ ሰፈር ተዘረጋ። መጀመሪያ ላይ መተላለፊያዎቹ ጣሪያ አልነበራቸውም፤ በኋላ ግን ስለተሸፈኑ ዛሬ በዝናብም በብርድም ሳይቸገሩ መዘዋወር ይቻላል።

እማዬን ያስገረሟት ሱቆቹ አልነበሩም። በአንድ ቦታ ቤተ መጻሕፍት፣ የመዋኛ ገንዳና የሕዝብ አዳራሽ መኖሩ ነው። ገንዳው ቲቱስ ቴርመን ይባላል። በጥንት ዘመን በዚህ አካባቢ ኒዳ የምትባል የሮማውያን ከተማ ነበረች፤ እሷም የራሷ መታጠቢያ ቤቶች ነበሯት።

በሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሰዎች ባዶ ጠርሙስ ወደ ማሽን ሲከቱ አየች። ልጄ፣ "እማማ፣ ለአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም ይመልሳል" ብላ አስረዳቻት።

እማዬ ሳቀች። "እዚህ አገር ቆራሌው ማሽን ነዋ!"

ልጄ ቆራሌው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እማዬ በአዲስ አበባ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ፣ እየተጣራ አሮጌ ዕቃ ስለሚገዛው ሰው ነገረቻት።

ማታ እማዬ፣ "ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለች። እኔ ፈራሁ። ጀርመንኛ አትችልም፤ የላቲን ፊደልም አታነብም። ሄደርንሃይም ጣቢያ ደግሞ ብዙ መስመሮች ያልፋሉ። ቢሳሳቱ ሌላ ሰፈር ያደርሳሉ።

መፍትሔውን ያመጣችው ልጄ ናት። የአማርኛ ትምህርት ሲባል ሁልጊዜ የምታጉረመርመው ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። በአንደኛው ገጽ "ስትሄጂ፦ ቁጥር 1፣ ግንሃይም" ብላ ጻፈች። በሌላው ገጽ "ስትመለሺ፦ ቁጥር 1፣ ዙድባንሆፍ" አለች። ባቡሩ ላይ የሚታየውንም ጽሑፍ ከሥሩ በላቲን ፊደል ገለበጠችላት፣ እያስተያየች እንድትሳፈር። "ጊ"ን "ግ" አድርጋ ጽፋዋለች። ላርማት ስል እማዬ፣ "ተያት፣ ገብቶኛል" አለችኝ።

ሰኞ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ስንቴ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። ማታ ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ራሷ የገዛችው ሽንኩርት ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንዲት ቱርካዊት አያት ጋር ቁጭ ብለው፣ በእጅ ምልክት የልጅ ልጆቻቸውን ብዛት ተነጋግረዋል።

"በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?" አልኳት።

"በሴት ልጅ ቋንቋ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ትሄድ ጀመር። እሑድ ግን ቤት ትውላለች፤ በጀርመን እሑድ አብዛኛው ሱቅ በሕግ ዝግ ነው። "እኛም አለን" ትላለች፣ ቡናውን እያፈላች።

ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ያቺን ወረቀት ግን አላገኘኋትም። ለካ ቦርሳዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጣታለች። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ "እንዲያውስ 'ጊ'ን አስተካክዬ ልጻፍላት" አለች።

እናንተስ፣ አያታችሁ ሰፈራችሁን ለማየት ብትመጣ የት ትወስዷታላችሁ? መንገዱንስ በአማርኛ ልትጽፉላት ትችላላችሁ?