ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ያለ መኪና

ስለ ግራን ቱሪስሞ 7 በየመንገዱ እየተጠየቅኩ ቆርጬ ቆርጬ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ጌም ቤት የምንገናኝ ልጆች ታውቁኛላችሁ። «ፊፋውን ለዛሬ ተዉትና ይሄን ሞክሩት» እያልኩ የምወተውተው እኔ ነኝ፤ «ይሄ ጌም አቃጠለኝ» እያልኩ የማማርረውም እኔው ነኝ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል የቸኮለ ሰው ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ፖሊፎኒ ዲጂታል የሚባል የጃፓን ድርጅት የሚሠራው፣ ካዙኖሪ ያማውቺ የሚባል የመኪና ፍቅር ያሳበደው ሰው የሚመራው ተከታታይ ጌም ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ሰባተኛው የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ለፒኤስ4ና ለፒኤስ5 አብሮ ሲወጣ ከ400 በላይ መኪኖች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህም እየጨመሩ ነው፤ ከቶዮታ ሃይኤስ የተሠራ አምቡላንስ ሳይቀር አስገብተውበታል። አምቡላንስ ይዞ መወዳደር የሚያምረው ሰው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ነድቼዋለሁ።

መጀመሪያ ደስ የሚለኝን ልናገር። ጌሙ ገና ስትገባ ፌራሪ አይሰጥህም። ቶዮታ አኳ፣ ማዝዳ ዴሚዮ፣ ሆንዳ ፊት፤ ከሦስቱ አንዷን በያዝካት ገንዘብ ግዛና ጀምር ይልሃል። አዲስ አበባ ቪትዝ የነዳ ሰው አኳን ሲያያት ፈገግ ይላል፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከዚያ መንጃ ፈቃድ ያስፈትንሃል። እኛ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ አንድ፣ ደረቅ አንድ እንደምንለው እዚያም ከቢ ተነስተህ እስከ ሱፐር የሚደርስ ደረጃ አለ። የመጀመሪያው ፈተና ምን መሰላችሁ? ተነስተህ ፈጥነህ፣ በተሰመረልህ ቦታ ውስጥ መቆም። በቃ። የፍጥነት ጌም የመጀመሪያ ትምህርቱ መቆም ነው።

ጌሙ ልቤን የወሰደው እዚህ ላይ ነው። መኪና ምንም ያህል ቢገዝፍ መሬት የሚነካው አራት መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። እያንዳንዷ መዳፍ የምትችለው ልክ አለው፤ ያላትን ሁሉ ለፍሬን ካዋልክባት ለመሪ የሚተርፋት የለም። ኩርባ ውስጥ ገብተህ ደንግጠህ ፍሬን ስትረግጥ መኪናው መሪህን አልሰማም ብሎ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። ይህን በቃል የነገረኝ ሰው ነበረ፤ አልገባኝም ነበር። ጌሙ ግን ግንብ ላይ እየለጠፈ አስረዳኝ። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማ ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ዋናውን ፍሬን ቀጥታው ላይ ትጨርሳለህ፤ ወደ ኩርባው ስትገባ እግርህን ቀስ እያደረግህ ትለቃለህ፤ መውጫውን ካየህ በኋላ ነዳጅ ትሰጣለህ። ጌም ቤት ውስጥ ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ልጅ ለዓይን ፈጣን ይመስላል፤ ጎማው ይጮኻል፣ ወንበር ላይ ሆነው የሚያዩት ያጨበጭባሉ። ሰዓቱ ግን ያጋልጠዋል። ቀድሞ የያዘው ልጅ ምንም ሳያስጮህ በሁለት ሴኮንድ ይበልጠዋል።

ዝናቡም እንዲሁ። አስፋልቱ የሚረጥበው ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ውኃ የሚቋጥር ቦታ አለ፣ ቶሎ የሚደርቅ አለ፣ መኪኖች የሚመላለሱበት መስመር ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል። ነሐሴ ላይ ከቡሬ ወደ ቲሊሊ የነዳ ሰው ይህን ሲያይ የጌሙ ሠሪዎች መንገድ ላይ ውለው እንደሠሩት ያውቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘባርቅ። ከጌሙ መንገዶች ዝነኛው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ነው። አንድ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከከፍተኛው ቦታው እስከ ዝቅተኛው 300 ሜትር ያህል ይወርዳል። «አረንጓዴው ሲኦል» ይሉታል። እሺ፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን ምን ሊሉት ነው? እሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንን ሁሉ ወደ ደጀን ይወጣል። የሚወርድበትም ቀላል የውድድር መኪና አይደለም፤ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ነው። የቆዩ ሹፌሮች ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ እንዲይዝላቸው ያደርጋሉ፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሽታው ይቀድመዋል። የተበላሸ መኪና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ ይቆማል፤ ኩርባውን ስትዞር መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ግርጌ ያለው የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ 2000 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል የተመረቀ ነው። ስለዚህ ጃፓኖቹ መንገዱን ያውቁታል፤ ለያማውቺ የሚነግረው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ቀልዴን አይደለም። ጌሙ ውስጥ መወዳደሪያ የምትመርጥበት የዓለም ካርታ ሦስት ክፍል አለው፦ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስያና ኦሽንያ። አፍሪካ የለችም። ተፎካካሪው ፎርዛ ሞተርስፖርት ቢያንስ የደቡብ አፍሪካውን ክያላሚ አስገብቷል። የጎጃምን መንገድ አስገቡልኝ የምል ሞኝ አይደለሁም፤ ግን አንድ አህጉር ሙሉ ሲዘለል ዓይን ያያል።

ወደ ጉድለቱ ልግባ። ጎማው እውነት ነው፤ መንገዱ ግን ባዶ ነው። አህያ የለም። ጂጋ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው የለም፣ ማንኩሳ ላይ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ የለም፣ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ የለም። የውድድር ሜዳ ነውና መኖርም አልነበረበትም፤ ይገባኛል። የማይገባኝ ግጭቱ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ግንብ ትመታለህ፤ ፓራውርቱ ትንሽ ይጫጫራል፣ መሪው ምናልባት ለጊዜው ያስቸግርሃል፣ ትቀጥላለህ። ለጎማ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለብረቱ ለምን እንደማይጨነቅ አልገባኝም። መኪና አምራቾቹ የመኪናቸውን ስባሪ ማሳየት አይወዱም ይባላል፤ ቢሆንም «እውነተኛው የመንዳት ሲሙሌተር» ብለህ ስምህን ከለጠፍክ ዋጋ አለው።

ግጭት ካነሳን ጃን ማርደንቦሮን ታውቁት ይሆናል፤ ፊልም ተሠርቶለታል። እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒሳንና ሶኒ ለጌም ተጫዋቾች ያዘጋጁትን ጂቲ አካዳሚ አሸንፎ እውነተኛ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ2013 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከነቡድኑ በምድቡ ሦስተኛ ወጣ። ጌሙ የሚያስተምረው ነገር እውነት ለመሆኑ ከእሱ የበለጠ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን እዚያው ኑርቡርግሪንግ ላይ መኪናው ከመሬት ተነስቶ አጥሩን አልፎ ወደቀ፤ አንድ ተመልካች ሞተ። የቁርጥ ቀን ሲመጣ «እንደገና ጀምር» የሚል ቁልፍ የለም። የጌም ቤት ታናናሾቼን የምለምነውም ይህን ነው፦ ፍሬኑን ወደ ባጃጁና ወደ ሞተሩ ይዛችሁት ውጡ፣ ድፍረቱን እዚያው ጆይስቲኩ ላይ ትታችሁት ሂዱ።

ወደ ጉድለቱ ስመለስ፣ ኮረኮንቹም አይሆንም። ጌሙ የአፈር መንገዶች አሉት፤ መኪናው ግን ሳሙና ላይ እንዳለ ይንሸራተታል እንጂ አፈሩን አይነክስም። ወደ ግሽ ዓባይ የሚያስገባውን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው ጭቃ እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚለቅ ያውቃል፤ ይሄ እሱ አይደለም። ተፎካካሪዎቹም ያናድዳሉ። አብዛኛው ውድድር አንተን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ፣ አንደኛውን መኪና በጣም አርቆ ያስጀምርና «ድረስበት» ይልሃል። እነሱ አይወዳደሩም፤ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ አንተ አንድ በአንድ ታልፋቸዋለህ። ሶፊ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት የሽፋን ርዕስ ያደረገው፣ ምርጥ የሰው ተወዳዳሪዎችን ያሸነፈ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠሪዎቹ አላቸው። ግን የሚሠራው ፒኤስ5 ላይ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ደግሞ ፒኤስ4 ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የወዳጅ ወቀሳ ነው። አሁን የምናገረው ግን ቁጣ ነው።

ይህ ጌም ብቻህን፣ ከማንም ጋር ሳትገናኝ የምትነዳበት ክፍሉ ሳይቀር ኢንተርኔት ይፈልጋል። መኪኖችህ፣ ገንዘብህ፣ መንጃ ፈቃድህ ያሉት ሠሪዎቹ ሰርቨር ላይ ነው። መስመር ከሌለ ሙዚቃ እየሰማህ የምትነዳበት አንድ ክፍልና ጥቂት የውሰት ጨዋታ ይቀርልሃል፤ ጋራዥህ ይቆለፋል። መጋቢት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የራሳቸው ማሻሻያ ተበላሽቶባቸው ጌሙ ከ30 ሰዓት በላይ በመላው ዓለም ተዘጋ። ከፍለው የገዙ ሰዎች የገዙትን መክፈት አልቻሉም። አውሮፓና አሜሪካ ያለው ተጫዋች ጮኸ፤ ያማውቺ ይቅርታ ጠየቀ፣ አንድ ሚሊዮን የጌም ገንዘብም ካሳ ሰጡ። ለሠላሳ ሰዓት።

እኛስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በብዙ ከተሞች ለአንድ ዓመት ጥቂት ለጎደለው ጊዜ ጠፍቶ ከረመ። በዚያ ጊዜ ጌም ትዝ ያለው ሰው ቅንጦተኛ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም፤ ሰው ዘመዱ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅበት አጥቶ ነበር። ዲስኩ ግን መደርደሪያ ላይ ነበር። ፊፋው ያለ መስመር ይሠራ ስለነበር ጌም ቤቶች በእሱ ቆዩ፤ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። ግራን ቱሪስሞን ማንም አልነካውም። ጃፓን ያለ ኢንጂነር «ኢንተርኔት የሌለው ቤት አይኖርም» ብሎ ሲወስን እኛን አላሰበንም። ሊያስበን የሚችልበት መንገድም የለም፤ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ስትከፍት ከሚሰጥህ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችማ። እዚህ የሚጫወተው ሁሉ ለእነሱ አሜሪካዊ ወይ እንግሊዛዊ ነው።

ሰርቨሩ አንድ ቀን ለዘለዓለም ቢዘጋስ? ምናልባት አይደለም፤ ሆኗል። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌሙን ሰርቨር እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ ዘጋና ዲስኩን የገዛ ሁሉ ባዶ ፕላስቲክ ታቀፈ። ከዚያ የተነሳው እንቅስቃሴ አውሮፓ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ፊርማው እኛን አይቆጥረንም፤ ቢያሸንፉ ግን እኛም እንጠቀማለን።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ እዚህ በውጭ አገር ካርድ የሚከፍል ስለሌለ ፈተናው አይደርስብንም። ጌሙ በወጣ ሰሞን ማክላረን ኤፍ1 በጌሙ ገንዘብ 18.5 ሚሊዮን ነበር፤ ሁለት ሚሊዮኑን በ20 ዶላር ይሸጡልሃል። እናንተው አባዙት። በቀን 42 ኪሎ ሜትር ለነዳ ደግሞ የዕጣ ትኬት ይሰጣሉ። ማራቶን መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠውን እኛ ተቀምጠን ጨርሰን፣ ዕጣው ሲሽከረከር ሁልጊዜ ትንሿ ሽልማት ላይ ይቆማል።

መጨረሻ ላይ፣ «እና ልግዛው ወይስ ልተወው?» ለምትሉኝ። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር አስተማማኝ ዋይፋይ ያለው ሰው ሰባተኛውን ይግዛ፤ አይቆጨውም። እዚህ እኛ ጋ ላለ ግን የምመክረው የቀደመውን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ግራን ቱሪስሞ ስፖርትን ነው። የእሱ ሰርቨር በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን ሠሪዎቹ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጡለት። ያገለገለ ዲስክ ፈልጉ፣ ኮንሶሉን ይዛችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ጊዜ ሂዱና ማሻሻያውን አውርዱ፤ ትልቅ ስለሆነ ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ መስመር ኖረ አልኖረ መኪናው የእናንተ ነው። ዝናቡ እንደ ሰባተኛው አይደለም፤ ፍሬኑ ግን ያው ነው።