የዶሮ ሽቦ ያሉትን ማመን

ወገን፣ ዛሬ ስለ ታክሲ ሳይሆን ስለ ዶሮ ነው የማወራው።

እዚህ ቨርጂኒያ ጓሮዬ ውስጥ አራት ዶሮዎች ነበሩኝ፤ አሁን ሦስት ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አገር ቤት ድልድይ ሳሰላ የኖርኩ ኢንጂነር «የዶሮ ሽቦ» የሚለውን ስም አምኜ ገዛሁ። ለካ ያ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም! ራኩን ማለት (ሸለምጥማጥን አስቡት፣ ግን እጅ ያለው) በቀዳዳው እጁን ሰዶ ይጎትታል። ከሌሊት ሥራ ስመለስ ላባ ብቻ ጠበቀኝ። ልጄ ስም ያወጣችላት ዶሮ ነበረች፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

አሁን ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ ሽቦ አድርጌያለሁ። ቀን ሳር የሚነጩት ከላይም በተሸፈነ፣ በሚገፋ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጭልፊት እዚህም አለ። በየጠዋቱ ወደ አዲስ ሳር እገፋዋለሁ፤ አለዚያ ሳሩ በኩሳቸው ይቃጠላል። የአረም መድኃኒት የተረጨበት ሳር ላይ እንዳትለቋቸው። ታጭዶ የተከመረ ረጅም ሳርም አትስጧቸው፤ አንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋባቸዋል።

እናቴ በስልክ ስነግራት «ዶሮ ታሠረች?» ብላ ሳቀች።

ማታ ማታ መቀርቀሪያውን የምታየው ልጄ ናት። እኔን አታምነኝም።