በርኖሱም መጻሕፍቱም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ማለዳ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስለሚቀዘቅዝ እጅ ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ በብርድ ወራት ከብዙዎቻችሁ ጋር እጅ ስንጨባበጥ በረዶ የነካሁ ይመስለኛል። ጸሐፊዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ለፈተና የምታጠኑ ልጆች፣ ለሰንበት ትምህርት የምትዘጋጁ አስተማሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የማገለግለው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድርና ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በቤቶቻችን ማሞቂያ የለም። እኔ ስብከቴን የማዘጋጀው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ስለሆነ፣ ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ ወዲህ ጣቶቼ እንደ ድሮው ቶሎ አይታዘዙልኝም። በአማርኛ ስንተይብ ደግሞ የጣት ሥራው ይበዛል። በድምፅ በሚጻፈው አሠራር «ሰላም» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ኪቦርዱን አምስት ጊዜ መምታት ትፈልጋለች።

አንዳንድ ወገኖች «ለጌታ ሥራ ብርድን መቻል ነው እንጂ ስለ ጣት ማውራት ምንድን ነው?» ይሉ ይሆናል። እስቲ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13ን አውጥታችሁ አንብቡ። ጳውሎስ እስር ቤት ነው፤ የመሄጃው ጊዜ እንደ ደረሰም ያውቃል። ያም ሆኖ በጢሮአዳ አክርጳ ቤት የተወውን ልብስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያ ልብስ በርኖስ ተብሎ ተተርጉሟል። የመንዝ በግ ጠጉር በርኖስ ለሚያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሐዋርያው መጻሕፍቱን ሲጠይቅ በርኖሱን አልረሳም። ጥቂት ዝቅ ብሎ በቁጥር 21 ላይ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ እንዲደርስለት ያሳስበዋል። የሚያነብና የሚጽፍ ሰው አካል እንዳለው፣ ያም አካል እንደሚበርደው መናገር ለጳውሎስ የእምነት ጉድለት አልነበረም።

አሁን ወደ እጃችን እንመለስ። ፈጣሪ ሰውነታችንን የሠራው በጥበብ ነው። ብርድ ሲመጣ ሰውነት አስቀድሞ የሚጠብቀው ልብን፣ ሳንባንና የሆድ ዕቃን ነው። ስለዚህ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ደም ያነሰው ጣት ይቀዘቅዛል፣ ነርቩ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያውም ይተሳሰራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ባደረጉት ጥናት፣ የክፍሉ ሙቀት ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ሲል የትየባ ስሕተት በ44 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የተጠናው አንድ ቢሮ ብቻ ቢሆንም፣ በብርድ የተየበ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ነገር ነው።

እንግዲህ እጅን ለማሞቅ የሚጀመረው ከእጅ አይደለም፤ ከደረትና ከእግር ነው። ጋቢ በትከሻ፣ ወፍራም ካልሲ በእግር፣ ቆብ በራስ ላይ ይሁን። ደረት ከሞቀ ደሙ ወደ ጣት ይመለሳል። ከበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በጨርቅ ድፈኑት። ጠረጴዛችሁ ላይ መስታወት ካለ ክንዳችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፎጣ አንጥፉ፤ መስታወት ሙቀትን ይሰርቃል። የሹራብ ጓንት ወስዳችሁ ጫፍ ጫፉን ቆርጣችሁ ጣታችሁን ብታወጡ መተየብ ትችላላችሁ። ሙቅ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና በካልሲ ሸፍናችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በየመካከሉ ያዝ እያደረጋችሁ ሥሩ። ውኃው ግን የፈላ አይሁን። ስኳር ሕመም ያለባችሁ ወይም እጃችሁ የሚደነዝዝ ሙቀቱን ሌላ ሰው ይለካላችሁ፣ ሳይታወቃችሁ ልትቃጠሉ ትችላላችሁና። ስትተይቡ አንጓችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ቀጥ ይበል። በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥታችሁ እጃችሁን አፍታቱ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጥቂት ደጅ ቁሙ፤ ያለ ክፍያ የተሰጠን ማሞቂያ እርስዋ ናት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ክፍል አታስገቡ። በአገልግሎቴ ዘመን ከቀበርኳቸው ወጣቶች አንዱ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ነበር። ብርድ ስለሆነ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ማንደጃውን ከጠረጴዛው ሥር አድርጎ ሲያጠና አደረ። ጠዋት እናቱ ሻይ ይዛ በሩን ስታንኳኳ መልስ አልነበረም። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ አይጎዳም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ቶሎ ወደ ደጅ ውጡ፣ ከዚያም ወደ ሕክምና ሂዱ። የእናትየዋን ለቅሶ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሌላ ቤት እንዳይሰማ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ብርድ ብቻ ያልሆነም ሕመም አለ። ብርድ ሲነካችሁ ጣታችሁ እንደ ወረቀት ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በኋላም ቀይ የሚሆን ከሆነ፣ ወይም ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ። ጸሎቱንም ሕክምናውንም አንድ ላይ አድርጉ፤ አንዱ ለሌላው እንቅፋት አይደለም።

በመጨረሻ፣ ከራሳችን እጅ አልፈን የሌላውን እጅ እንይ። ጳውሎስ በርኖሱን ማስመጣት የቻለው የሚለምነው ጢሞቴዎስ ስለነበረው ነው። በየአጥቢያችን ደብዳቤ የምትተይብልን እኅት አብዛኛውን ጊዜ የምትቀመጠው ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል ነው። ሌሊቱን በር የሚጠብቀው ወንድማችንም አለ፤ ብርድ ሲጠናበት ማንደጃውን ይዞ ወደ ጠባቧ ክፍሉ የሚገባው እርሱ ነው። አበው «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ብርድ ሳይደርስ መሰናዳትን ሲያስተምሩ ነው። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት፣ ለእኅታችን ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ስጧት፤ ለወንድማችንም ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ግዙለት። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ እየኖርን ዘበኛችን በብርድ ወይም በከሰል ቢጎዳ ምን መልስ ይኖረናል?

ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ አንድ ሰው ምረጡና የጎደለውን ጠይቁት። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።