ቆቃ ላይ የተሳሳተው መስመራችን

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አራት ሆነን ከአዳማ ተነስተን ቆቃ ሐይቅ ዳር ደረስን። የያዝነው አንዲት የሞተር ጀልባ፣ ሁለት ጂፒኤስ፣ የውሃን ጥልቀት በድምፅ የሚለካ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ደብተርና አንድ ፌስታል ብርቱካን ነበር። ከአራታችን ዋና የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ይህን የነገረን ከተመለስን በኋላ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የአዳማ ሰው የሚጠጣው የአዋሽን ውሃ መሆኑን ታውቃላችሁ። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ወደ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አዋሽና ሞጆ በየክረምቱ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት አፈር ከሐይቁ ወለል ላይ እየተኛ የውሃውን ቦታ ወሰደው። ምን ያህል እንደወሰደ ለማወቅ ሐይቁን በጀልባ እየተመላለሱ መለካት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚሄድ፣ ሰባት ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ የሴኮንድ አንድ መቶኛ እንኳ አይፈጅበትም። ጂፒኤሱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጀልባው የት እንደነበረ ይናገራል። በባሕር ላይ ነዳጅ የሚፈልጉ መርከቦችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ የነሱ ድምፅ ግን ከወለሉ በታች ያለውን ዐለት ዘልቆ የሚመለስ ነው። አዳማጭ መሣሪያ የተደረደረበትን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገመድም ከኋላቸው ይጎትታሉ። ገመዱን ሞገድ ወደ ጎን ስለሚገፋው የእያንዳንዱን መሣሪያ ቦታ ለይቶ መመዝገብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የአዳማ አካባቢ ነዋሪዎች በጥር 1995 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከሺህ የሚበልጡ መሣሪያዎች በስምጥ ሸለቆው ላይ ዘርግተው በጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ የምድርን ውስጥ ሲያዳምጡ ታስታውሱ ይሆናል። እየአንዳንዳቸው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙት ሁለቱ መስመሮቻቸው የተቋረጡት እዚሁ እኛ አካባቢ ነበር። ድምፁ የትም ይሂድ የት፣ የተሰማበት ቦታና ሰዓት በትክክል ካልተጻፈ ከንቱ ነው።

ሰዓቱ በመጀመሪያው ቀን አጣላን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩ ሰባት ይላል፣ ጂፒኤሱ አራት ይላል፣ ደብተር የያዘው ወንድማችን ደግሞ እንደ ልማዱ አንድ ብሎ ጽፏል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጀልባችን በሴኮንድ ሁለት ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ሰዓቶቹ በግማሽ ደቂቃ ቢለያዩ እንኳ ጥልቀቱ 60 ሜትር ርቆ ይመዘገባል። ሁሉንም በጂፒኤሱ ሰዓት ለመጻፍ ተስማማን።

የቦታው ስህተት ግን ሳይታወቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ማታ አዳማ ላይ ሁሉንም መስመሮች በአንድ ካርታ ላይ ስናወጣ፣ መስመሮቹ በሚቋረጡበት ቦታ ጥልቀቱ አልገጥም አለ። አንዱ ስድስት ሜትር ሲል ሌላው ዘጠኝ ይላል። ቀኑ ተቆጥሮ የተሰጠን ነበርና ከመካከላችን አንዱ «አማካዩን ወስደን እናስረክብ፤ ማን ውሃ ውስጥ ገብቶ ያየዋል?» አለ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን የተቃወመ አልነበረም። ደክሞን ነበር።

በማግስቱ የቀረችንን አንዲት መስመር ለመጨረስ ስንሄድ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጆቼ፤ ምን ጠፍቶባችሁ ነው ይህን ያህል ቀን የምትመላለሱት?» አሉን። ነገርናቸው። የድሮውን የአዋሽ መሄጃ በደንብ እንደሚያውቁት ነገሩንና ጀልባው ላይ ወጡ። በዳር ያለችውን ጉብታ ጫፍ ከኋላዋ ካለው ተራራ ጋር እያገጣጠሙ፣ በሌላ በኩልም ሁለት ምልክት እያዩ መሩን። «እዚህ» ሲሉ ሞተሩን አጠፋን። መሣሪያው ከስድስት ወደ ዘጠኝ ሜትር ወረደ። በካርታችን ላይ ግን ያ ቦታ ሜዳ ነበር፤ የወንዙ መሄጃ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ተሥሏል።

አዛውንቱ ዝም አሉ። ቆይተው ግድቡ ሲሞላ እሳቸው የ15 ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ቤተሰቡ መሬቱን ለቆ እንደወጣ፣ የአያታቸው መቃብርም እዚያው ወንዙ ዳር፣ ዋርካው ሥር መቅረቱን ነገሩን። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አብረናቸው አሚን አልን። ከዚያ በኋላ አማካይ የሚለውን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በፊት ዳር ወጥተን ሁለቱን ጂፒኤሶች አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ያነበቡት ቁጥር ከ200 ሜትር በላይ ይለያይ ነበር። አንደኛው ዓለም አቀፉን የመለኪያ መነሻ ሲጠቀም፣ ሌላው የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበትን «አዲንዳን» የተባለውን መነሻ ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሠራነው በዚህኛው ነው። በደብተራችን ራስጌ ላይ ቀኑንም፣ የጀልባውን ነጂም፣ የነዳጁን ሊትር እንኳ ጽፈናል፤ መነሻውን አልጻፍንም። (አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረ የኑብያ መንደር ነው፤ እሱም በአስዋን ግድብ ውሃ ተውጧል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።)

ዙህርን እዚያው ዳር ሰገድን። ከአዳማ መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለች ስለሆነች ለቂብላው ጂፒኤስ አላስፈለገንም።

የሁለቱን ቀናት ቁጥሮች ወደ አንድ መነሻ ስንቀይር በመስመሮቹ መገናኛ ላይ የነበረው ልዩነት ከአንድ ስንዝር አልበለጠም። ያልተነካውን የመጀመሪያ መዝገብ ለብቻው አስቀመጥን፤ የታረመውንም ምኑ እንደታረመ ጽፈን በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥነው። ሪፖርቱንም ሦስት ቀን ዘግይተን አስረከብን፤ መዘግየቱም ተግሣጽ አስከትሎብናል።

በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ለመቃብር የሚሆን ዓምድ የለም። «የቀድሞ ወንዝ ዳር፣ በአገሬው ምልክት» ብለን አንድ ነጥብ አስገባን። ለአዛውንቱም ቁጥሩን ከነመነሻው በወረቀት ጽፈን ወሰድንላቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱት በኋላ «የእናንተ መሣሪያ በሌለበትስ የልጅ ልጆቼ ያገኙታል?» አሉን። ወረቀቱን መልሰን ተቀበልናቸውና ጉብታዋንና ተራራውንም ጨመርንበት።